በየመንገዱ ተጥለው ስለሚቀሩ አቶሞቢሎች

ሕግ ከጥንት ጀምሮ ስለ ንብረት ሲናገር በሁለት ዓይነት ነገር ላይ ብዙ ደክሟል። አንደኛው ባለቤቱ ሳይወድ የጠፋበት ነገር ነው፤ ሁለተኛው ባለቤት የሌለው ነገር ነው። ለጠፋው ነገር የሙሴ ሕግ ሥርዓት ሠርቶለታል። በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ እንደ ተደነገገው፣ የወንድሙ በሬ ወይም በግ ባዝኖ ያገኘ ሰው አይቶ እንዳላየ ሆኖ ማለፍ አይገባውም፤ ባለቤቱ የማይታወቅ ቢሆን በቤቱ አኑሮ ሊጠብቅለት፣ ፈልጎ በመጣም ጊዜ ሊመልስለት ታዝዟል። ባለቤት ለሌለው ወይም ባለቤቱ ለጣለው ነገር ደግሞ ከሮማውያን ሕግ ጀምሮ እስከ ዛሬ የቆየው መሠረት፣ አስቀድሞ የያዘው ሰው ይውሰደው የሚል ነው። በ20ኛው ምእተ ዓመት ግን ከሁለቱም ወገን በቀላሉ የማይደመር ሌላ ነገር ተነሣ። ይኸውም ባለቤቱ እያወቀ፣ ስሙም በመንግሥት መዝገብ ተጽፎ ሳለ፣ በአደባባይ ትቶት የሚሄደው አቶሞቢል ነው።

ይህ ነገር እንደ ጠፋ በሬ አይደለም፤ ባለቤቱ አይፈልገውምና። እንደ ተጣለ ዕቃም አይደለም። ሮማውያን የተጣለው ነገር ለወሰደው ይሁን ባሉ ጊዜ፣ የሚወስደው ሰው አይጠፋም ብለው አስበው ነበር። ጎማው የተነፈሰና መስተዋቱ የተሰበረ፣ ዘይቱም በአስፋልቱ ላይ የሚንጠባጠብ አሮጌ አቶሞቢል ግን ለማንሣት ብቻ ወጪ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ውሰደው ቢባል እንኳ የሚወስደው ላይገኝ ይችላል። እንደ ቆሻሻም ቈጥሮ ጠርጎ መጣል አይቻልም፤ በሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር የአንድን ሰው ስም የሚጠራ ስለ ሆነ፣ ያ ሰው ነገ ንብረቴ የት ደረሰ ብሎ ዳኛ ፊት ሊቆም መብት አለው። በአገራችን ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን አጥሩ ራሱ በሕዝብ መንገድ ላይ ተተክሎ፣ ባለቤቱ የት እንዳለ አይታወቅም።

ከዚህ የተነሣ ልዩ ልዩ መንግሥታት ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ ጊዜ ሕግ ሲያወጡና ሲያሻሽሉ ኖረዋል። ከሁሉ ይልቅ አካሄዱ በግልጽ የሚታየው የእንግሊዝ አገር ሕግ ስለ ሆነ፣ በእርሱ መጀመር ይሻላል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠሩት የውጭ አገር ዘመናት በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእንግሊዝ አገር እስከ 1967 ድረስ በመንገድ ላይ ተትቶ የቀረ አቶሞቢል የሚታየው መንገድ እንደ ዘጋ ማናቸውም ነገር ነበር። መንገድ የማይዘጋ ከሆነ፣ ለምሳሌ በሜዳ ወይም በጫካ ዳር የተጣለ ቢሆን፣ እንዲያነሣ ግዴታ ያለበት ሹም አልነበረም። በዚያ ዓመት ደንከን ሳንዲስ የተባሉት የፓርላማ አባል፣ ቀድሞ ሚኒስትር የነበሩና በ1957 የከተሞችን ውበት የሚጠብቅ ማኅበር ያቋቋሙ ሰው፣ በግላቸው ያቀረቡት ረቂቅ ጸድቆ ሕግ ሆነ። ሕጉ ስለ ጥንታውያን ሕንፃዎችና ስለ ዛፎችም የሚናገር ቢሆን፣ ስለ ተጣሉ አቶሞቢሎች በዚያው ውስጥ ተደንግጓል። ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም፤ በጊዜው ነገሩ የታየው የንብረት ክርክር ተብሎ ሳይሆን የአገር መልክ መበላሸት ተብሎ ነውና። በኋላ በ1978 ድንጋጌው ተሰብስቦ፣ ስለ ቆሻሻ ማስወገድና ስለ አካባቢ ደኅንነት በወጣው ሕግ ውስጥ ገባ፤ እስከ ዛሬም ድረስ የሚሠራበት ይኸው ነው።

በዚህ ሕግ መሠረት ሁለት ነገሮች ተለይተው ይታያሉ። አቶሞቢልን በተገለጠ ስፍራ ወይም በመንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ወንጀል ነው፤ ቅጣቱም እስከ 2500 ፓውንድ መቀጫ ወይም እስከ 3 ወር እስራት ይደርሳል። ነገሩን ወደ ዳኛ ሳያደርሱ ለመጨረስም ማዘጋጃ ቤቱ 200 ፓውንድ የተወሰነ መቀጫ ሊያስከፍል ሥልጣን አለው። ከወንጀሉ ሌላ ደግሞ የማንሣት ግዴታ አለ። ማዘጋጃ ቤቱ ያለ ሕጋዊ ሥልጣን የተተወ አቶሞቢል መኖሩን ባወቀ ጊዜ ሊያነሣው ይገባዋል፤ ቢፈቅድ ያነሣል፣ ባይፈቅድ ይተዋል የሚባል አይደለም። ስፍራው የግል ሰው ርስት የሆነ እንደ ሆነ ግን ለባለርስቱ የ15 ቀን ማስታወቂያ አስቀድሞ ይሰጠዋል። ሹማምንት ይህን ልብ ሊሉት ይገባል፤ መብት ብቻ የተሰጠው መሥሪያ ቤት ገንዘብ ባነሰው ጊዜ ሥራውን ለነገ ያሳድረዋል፤ ግዴታ የተጫነበት ግን ለጠያቂ መልስ የመስጠት ዕዳ አለበት።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ጥያቄ ግን፣ አንድ አቶሞቢል ተጥሏል የሚባለው መቼ ነው የሚለው ነው። የእንግሊዝ ሕግ ለዚህ ቃል ትርጓሜ አልሰጠም። ይህ ከቸልታ የመጣ አይደለም፤ የቀን ቁጥር ቢወስን በአንድ ወገን ለሥራ ወደ ሩቅ አገር የሄደውን ወይም በሐኪም ቤት የተኛውን ሰው ይጎዳል፤ በሌላው ወገን ደግሞ ተንኰለኛው በየሳምንቱ አንድ ክንድ እየገፋ ከሕጉ ያመልጣል። ስለዚህ ሕጉ የወሰነው ግምትን ነው። አንድ ሰው ዕቃውን የተወበት ሁኔታ ወይም የተወበት ጊዜ ርዝመት፣ ጥሎታል ብሎ ለመገመት የሚያበቃ ከሆነ እንደ ጣለው ይቈጠራል፤ አልጣልሁትም የሚል ቢኖር ማስረዳቱ የእርሱ ፋንታ ነው። በተራው ጉዳይ የማስረዳት ሸክም በከሳሹ ላይ ሲሆን፣ በዚህ ግን ወደ ተከሳሹ ዞሯል።

ሹማምንቱ ግምታቸውን የሚመሠርቱባቸው ምልክቶች ደግሞ በመመሪያ ተነግረዋል። በመዝገብ የተጻፈ ያዥ የሌለውና የመንገድ ግብሩ ያልተከፈለ፣ ለረዥም ጊዜ ከስፍራው ያልተነቃነቀ፣ ጎማው የተነፈሰ ወይም የወለቀ፣ መስተዋቱ የተሰበረ፣ የተቃጠለ፣ ሰሌዳው የተነቀለ፣ ወይም ውስጡ በጥራጊ የተሞላ ሊሆን ይችላል። ከነዚህ አንዱ ብቻውን አያስፈርድም፤ ብዙዎቹ በአንድነት ሲገኙ ነው እንጂ። ግብሩ ስላልተከፈለ ብቻ ተጥሏል ማለት አይቻልም፤ ድኻ ባለቤትም ግብር ያጐድላልና።

ከተነሣ በኋላ የሚደረገውም እንደ ዕቃው ዋጋ ይለያያል። ዋጋ ያለው የሚመስል ከሆነ ባለቤቱ ተፈልጎ፣ በ7 ቀን ውስጥ መጥቶ እንዲወስድ ይጻፍለታል፤ ያነሡበትንና ያስቀመጡበትን ወጪ ከፍሎ ይወስዳል። ሳይመጣ ቢቀር ይሸጣል። ይሁን እንጂ ከተሸጠ በኋላ እንኳ እስከ 1 ዓመት ድረስ ባለቤትነቱን አስረድቶ የቀረበ ሰው፣ ከሽያጩ ገንዘብ ወጪው ተቀንሶ የተረፈው ይከፈለዋል። ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ከፍ ያለ ምስጋና ይገባዋል። ሕጉ አቶሞቢሉን ከመንገድ አነሣ እንጂ የሰውየውን ገንዘብ አልወረሰም፤ ብረቱ ወደ ብር ተለውጦ በቤት የተቀመጠ ያህል ነው። ከላይ የተጠራው የኦሪት ሥርዓት በዘመናዊ መሥሪያ ቤት ሲሠራበት የሚታየው በዚህ ስፍራ ነው።

ዋጋ የሌለውና ለመሰባበር ብቻ የሚሆነው ግን ሌላ ታሪክ አለው። ቀድሞ ከመደምሰሱ በፊት በላዩ ማስታወቂያ ተለጥፎ 7 ቀን ይጠበቅ ነበር፤ ባለቤቱ ለታወቀውም የሚሰጠው ጊዜ 21 ቀን ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ የቁርጥራጭ ብረት ዋጋ በጣም ወደቀ። ከዚያ አስቀድሞ ብረት ለቃሚው ለአሮጌ አቶሞቢል ጥቂትም ቢሆን ገንዘብ ይሰጥ ነበር፤ ዋጋው በወደቀ ጊዜ ግን ለማንሣት ገንዘብ ከባለቤቱ ይጠይቅ ጀመር። በዚህ ጊዜ የተጣሉት አቶሞቢሎች በየከተማው ተበራከቱ፤ ማስታወቂያ ተለጥፎባቸው ቀን ሲቈጠርላቸውም ጐረምሶች እሳት ይለኩሱባቸው ነበር። ማስታወቂያው ለባለቤቱ ጥሪ መሆኑ ቀርቶ ለአጥፊዎች ምልክት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ በ2002 የ7ቱ ቀን ወደ 24 ሰዓት፣ የ21ዱም ቀን ወደ 7 ቀን እንዲወርድ ተደረገ፤ በ2005 በወጣው ሕግ ደግሞ ለመሰባበር ብቻ ለሚሆነው አቶሞቢል ይህ የ24 ሰዓት ማስታወቂያ እንኳ ቀረ።

እዚህ ላይ መጠየቅ የሚገባው ነገር አለ። ለመሰባበር ብቻ የሚሆን ነው ብሎ የሚፈርደው ማን ነው? ዳኛ አይደለም፤ በመንገድ የሚዞር የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነው። ለእርሱ ብረት ብቻ መስሎ የሚታየው፣ ለባለቤቱ ከአባቱ የወረሰውና ሊያድሰው ገንዘብ የሚያጠራቅምለት ዕቃ ሊሆን ይችላል። የእንግሊዝ ሕግ አውጭዎች ይህን አመዛዝነው ፍጥነቱን መረጡ፤ የመረጡበትም ምክንያት እሳቱ ነው። እሳት በሌለበት አገር ይህንኑ ፍጥነት መገልበጥ ግን ምክንያቱን ትቶ ውጤቱን መውሰድ ይሆናል።

የጀርመን ሕግ በዚህ በኩል ታጋሽ ነው። ሰሌዳ የሌለው ወይም ሰሌዳው ያልጸና አቶሞቢል በሕዝብ መንገድ ወይም ከከተማ ውጭ በተገኘ ጊዜ፣ ስለ መሰረቁ ወይም ሥራ ስለ መስጠቱ ምልክት ከሌለ፣ በግልጽ የሚታይ ማስታወቂያ ይለጠፍበታል፤ በ1 ወር ውስጥ ካልተነሣ እንደ ቆሻሻ ይቈጠራል። ሕጉ የተጻፈው በንብረት ሕግ ውስጥ አይደለም፤ በቆሻሻ ሕግ ውስጥ ነው። ወሩ እስኪሞላ ንብረት የነበረው ነገር በማግሥቱ ጥራጊ ይሆናል፤ ሥርዓቱም ከዚያ በኋላ ለጥራጊ የተሠራው ነው። በአሜሪካም በካሊፎርኒያ ከተሞች አቶሞቢል በሕዝብ መንገድ ላይ ከ72 ሰዓት በላይ በአንድ ስፍራ እንዳይቆም በአካባቢ ደንብ ሊወስኑ፣ ወሰኑን ያለፈውንም ሊያስነሡ የግዛቱ ሕግ ይፈቅድላቸዋል። ይህ ግን ስለ መቆም የተነገረ እንጂ ስለ መጣል የተነገረ አይደለም፤ ሁለቱን መቀላቀል ብዙ ሙግት ያመጣል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሆኖ የቀረው ጥያቄ ወጪውን ማን ይክፈል የሚለው ነው። መቀጫ ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን መቀጫ የሚከፈለው ሰውየው ሲገኝ ነው፤ አቶሞቢሉን የጣለ ሰው ደግሞ እንዳይገኝ ሰሌዳውን ነቅሎ ይሄዳል። ይህን አስቀድመው ያስተዋሉት የሰሜን አገሮች ናቸው። ስዊድን በ1975 ባወጣችው ሕግ፣ ኖርዌም በ1978፣ ገንዘቡን በመጨረሻ ከመፈለግ ይልቅ በመጀመሪያ መቀበልን መረጡ። አዲስ አቶሞቢል ሲገባ ጥቂት ገንዘብ ይከፈላል፤ ያረጀውን ወደ ተፈቀደለት ሰባሪ ወስዶ ያስረከበው የመጨረሻው ባለቤት ደግሞ ገንዘብ ይቀበላል። ጠርሙስ አምጥቶ መያዣውን እንደሚመልስ ሰው ነው። በዚህ ሥርዓት ባለቤቱን ማሳደድ አያስፈልግም፤ ራሱ ይመጣል። ስዊድን ይህን ክፍያ በ2007 አስቀርታለች፤ በኖርዌ ግን እንደ ቀጠለ ነው።

ጃፓን ወደዚህ ሐሳብ የደረሰችው በመራራ መንገድ ነው። በካጋዋ አውራጃ ቴሺማ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። በዚያ ደሴት ላይ እስከ 1990 ድረስ ለብዙ ዓመታት አንድ ባለ ሥራ፣ አቶሞቢሎች ከተፈጩ በኋላ የሚተርፈውን ጨርቅ፣ ጎማና ፕላስቲክ ከሌላ የፋብሪካ ጥራጊ ጋር እያመጣ ይደፋ ነበር፤ ያቃጥለውም ነበር። የአውራጃው ሹማምንት የሰውየውን ቃል ተቀብለው፣ ይህ ጥራጊ ሳይሆን ብረት የሚለቀምበት ዕቃ ነው እያሉ ዝም አሉ። የደሴቲቱ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ዓሣ አጥማጆችና ገበሬዎች፣ ብዙ ዓመት ከጮኹ በኋላ በ1990 ፖሊስ ገብቶ አስቆመው። ስምምነት የተደረገው ግን በ2000 ነው፤ የአውራጃው ገዥም ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቁ። ወደ 900 ሺሕ ቶን የሚሆነው ጥራጊ በመርከብ እየተጫነ ወደ ጎረቤቲቱ ደሴት ወደ ናኦሺማ ተወስዶ የተጠናቀቀው በ2017 ነው። ቃል ብቻ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያመጣ ከዚህ ይታያል፤ ጥራጊ የተባለውን ጥራጊ አይደለም በማለት ብቻ አንድ ደሴት ተበላሸች። ጃፓን በ2002 ባወጣችውና በ2005 ሙሉ በሙሉ በጸናው ሕግ፣ አቶሞቢል የሚገዛ ሰው የመሰባበሩን ዋጋ አስቀድሞ እንዲከፍል ወሰነች። ገንዘቡ በሦስት ነገር ላይ ይውላል፤ እነርሱም በአደጋ ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢት፣ የማቀዝቀዣው ጋዝና ያ ከተፈጨ በኋላ የሚተርፈው ጥራጊ ናቸው።

የኤውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2000 ባወጣው መመሪያ ሸክሙን በሠሪው ላይ ጣለ። ከ2007 ጀምሮ የመጨረሻው ባለቤት ያረጀውን አቶሞቢል ያለ ክፍያ እንዲያስረክብ፣ ወጪውን ሁሉ ወይም አብዛኛውን ፋብሪካው እንዲችል ተደነገገ፤ ከ2015 ጀምሮም ከክብደቱ 95 በመቶ የሚሆነው ተመልሶ ጥቅም ላይ እንዲውል ታዘዘ። የተሰበረውም ምስክር ወረቀት ካልተሰጠው በቀር ከመዝገብ አይሰረዝም። ሕጉ በጽሑፍ ሲታይ የሚጐድለው የለም። ይሁን እንጂ የኅብረቱ ኮሚሲዮን በ2023 አዲስ ረቂቅ ባቀረበ ጊዜ፣ በየዓመቱ 3 ሚሊዮን ተኩል የሚሆኑ አቶሞቢሎች የት እንደ ደረሱ ሳይታወቅ ከኤውሮፓ መንገዶች እንደሚጠፉ ገልጧል። የተሰበሩ ናቸው እንዳይባል ምስክር ወረቀት የለም፤ የሚነዱ ናቸው እንዳይባል በመንገድ አይታዩም። በሥውር የተሰበሩ አሉ፤ ወደ ሌላ አገር የተጫኑም አሉ።

የተጫኑት ወዴት እንደሚሄዱ ለማወቅ ግን ብዙ መድከም አያስፈልግም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2020 ባወጣው ጽሑፍ፣ ከ2015 እስከ 2018 ባለው ጊዜ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል አቶሞቢሎች ከኤውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ወደ ሌሎች አገሮች እንደ ተላኩ፣ ከነዚህም 40 በመቶ የሚሆኑት ወደ አፍሪካ እንደ ገቡ ተናግሯል። እንግዲህ በለንደን ወይም በኦሳካ መንገድ ላይ ሊጣል የነበረው ዕቃ፣ ዕድሜው 15 ዓመት ተጨምሮለት በመጨረሻ የሚጣለው በአፍሪካ ከተማ ይሆናል። በጃፓንና በኖርዌ አስቀድሞ የተከፈለው የመሰባበሪያ ገንዘብ ግን ከአቶሞቢሉ ጋር በመርከብ አይጫንም። ይህ በአፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ሊነሣ የሚገባው ሐሳብ ነው።

በኢትዮጵያ ነገሩ የተለየ መልክ አለው። በአዲስ አበባ በየሰፈሩ ጎማው ወልቆ በድንጋይ ላይ የቆመ፣ አቧራ የለበሰ፣ ልጆች የሚጫወቱበት አቶሞቢል ማየት የተለመደ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ ዋጋ የለውም ብሎ የጣለው ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። አቶሞቢል ውድ በሆነበት አገር፣ በ2012 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የወጣውም የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እንደ ዕድሜውና እንደ ሞተሩ መጠን እስከ 500 በመቶ ጥሎ በነበረበት አገር፣ ዝገት የበላው እንኳ ዋጋ አለው። በመርካቶ በሶማሌ ተራ የማይሸጥ የመኪና ብልት የለም፤ መብራቱም፣ በሩም፣ የማርሽ ሳጥኑም ገዥ ያገኛል። ታዲያ ለምን ይቆማል? አንዱ መለዋወጫ አጥቶ ነው። ሌላው ባለቤቱ ሞቶ ወራሾች ስለ ተጣሉ ነው፤ የወራሽነት ማስረጃው ከፍርድ ቤት እስኪወጣ፣ ይግባኙም እስኪያልቅ ጎማው ይበሰብሳል። ሌላው የጋራዥ ዕዳ ያልተከፈለበት ነው። በፖሊስ ጣቢያ ግቢ በኤግዚቢትነት ተይዞ፣ ክሱ እስኪያልቅ ሣር የበቀለበትም አለ። የተጣለ የሚመስለው ይህ ሁሉ በእውነት የታሰረ ንብረት ነው።

ስለዚህ ሹማምንት የእንግሊዝን የ24 ሰዓት ፍጥነት አይተው ቢቀኑ አይገባም። እዚያ አቶሞቢል የሚጣለው ዋጋ በማጣቱ ነው፤ እዚህ የሚቆመው ዋጋ እያለው ነው። ማዘጋጃ ቤት በአንድ ቀን ማስታወቂያ አንሥቶ ቢሸጠው፣ የሚጎዳው ጠበቃ የሌላት ባልዋ የሞተባት ሴት ወይም በክስ ላይ ያለ ወራሽ ይሆናል። የጀርመን የአንድ ወር ማስታወቂያ፣ የእንግሊዝም የአንድ ዓመት የገንዘብ ጥበቃ በአንድነት ቢወሰዱ ለአገሩ ጠባይ የሚስማማ ሕግ ይወጣ ነበር። ሽያጩ በሐራጅ ሆኖ፣ የተረፈው ገንዘብ በአደራ ቢቀመጥ፣ ወራሾችም ከብረት ይልቅ በብር ቢካፈሉ ክርክሩ ያጥር ነበር።

ከዚህም ጋር የስም ጉዳይ አለ፤ በዚህ አገር ከሁሉ የከበደው ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ጌታ የሌለውን ተንቀሳቃሽ ነገር ባለቤት ለመሆን አስቦ የያዘው ሰው ባለቤት እንደሚሆን ይናገራል፤ ጠፍቶ ስለ ተገኘ ዕቃም የተለየ ድንጋጌ አለው። አቶሞቢል ግን በ2002 ዓ.ም. በወጣው የተሽከርካሪ መመዝገቢያ አዋጅ መሠረት በስም የሚመዘገብ ስለ ሆነ፣ ጌታ የለውም ለማለት አይቻልም። ስሙ በሊብሬው ላይ ተጽፏል። ይሁን እንጂ በሊብሬው ላይ የተጻፈው ሰው ሁልጊዜ እውነተኛው ባለቤት አይደለም። ብዙ ሰው የስም ማዛወሪያውን ወጪ ወይም ድካሙን በመፍራት መኪናውን በውክልና ይሸጣል፤ ገዥውም በሌላ ውክልና ለሦስተኛው ያሳልፋል፤ መኪናው ሦስት እጅ ሲያልፍ ሊብሬው በመጀመሪያው ስም ይቀራል። ይህ ሦስተኛው ሰው መኪናውን በጎዳና ትቶ ቢሰደድ፣ ማስታወቂያ የሚጻፈው ለማን ነው? መቀጫውስ የሚጣለው በማን ላይ ነው? ከ10 ዓመት በፊት ሸጦ ገንዘቡን የበላው ሰው በድንገት የወንጀል መጥሪያ ይደርሰዋል። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በ2081 ቍጥር ባለመኪናው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን የሚናገር ስለ ሆነ፣ በውክልና የሚሸጥ ሰው ይህን አደጋ አስቀድሞም ተሸክሞት የሚኖር ነው፤ አብዛኛው ግን አያውቀውም።

የእንግሊዝ መንግሥት ከዚህ ችግር የወጣው ሁለት ነገሮችን በመለየት ነው። በመዝገቡ የሚጻፈው ያዥ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም፤ የምዝገባውም ወረቀት የባለቤትነት ማስረጃ እንደማይሆን በራሱ ላይ ተጽፎበታል። ያዥ የተባለው ሰው መኪናውን ለሌላ ባሳለፈ ጊዜ ለመዝገብ ቤቱ ካላስታወቀ፣ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ ወደ እርሱ ይመጣል፤ ካስታወቀ ግን ነፃ ነው። ባለቤትነት በፍርድ ቤት ይከራከሩበት፤ የመንገዱን ጉዳይ ግን በያዡ ስም እንጨርሰው እንደ ማለት ነው። በኢትዮጵያም ሻጩ በውክልና በሸጠበት ቀን የገዥውን ስም ለመዝገብ ክፍል አስታውቆ ከኃላፊነት የሚወጣበት ቀላል መንገድ ቢከፈት፣ በዓመታዊው ምርመራ ቦሎ በሚለጠፍበት ጊዜም በእጁ የያዘው ሰው ስም አብሮ ቢጻፍ፣ ማስታወቂያው የሚደርስበት ሰው ይገኝ ነበር። ይህ ትልቅ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ በመዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ መጨመር ነው።

ነገሩን የሚያጣድፍ ሌላ ምክንያትም መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት በከተማ መንገድ ላይ እየበዙ ነው። የነዳጁ መኪና ሲያረጅ በሶማሌ ተራ ብልት በብልት ይበተናል፤ የሚተርፈው ጥቂት ብረትና ጥቂት ዘይት ነው። የኤሌክትሪኩ ግን ከ300 እስከ 500 ኪሎ የሚመዝን ባትሪ በሆዱ ተሸክሟል፤ ይህም ባትሪ በትክክል ካልተያዘ ይቃጠላል፤ እሳቱም በውሃ በቀላሉ አይጠፋም፤ ከሥር ያለውን አፈርና ውሃም ይመርዛል። እንዲህ ያለውን መኪና ለሦስት ዓመት በድንጋይ ላይ አቁሞ ልጆች እንዲጫወቱበት መተው ቀድሞ እንደ ነበረው ያለ ቀላል ነገር አይሆንም። የኤውሮፓ ኅብረት በ2023 (በእነርሱ አቆጣጠር) ባወጣው የባትሪ ሕግ፣ ባትሪውን በገበያ ያቀረበው ነጋዴ ባረጀ ጊዜ ያለ ክፍያ መልሶ እንዲረከብ አስገድዷል። ወደ ኢትዮጵያ መኪናውን ያስገባው ነጋዴም እንዲሁ እንዲረከብ ቢታዘዝ፣ ትእዛዙ ከጉምሩክ ሳይወጣ ሊጻፍበት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ በውክልና ሦስት እጅ ያለፈውን መኪና ይዞ አስመጪውን መፈለግ አስቸጋሪ ይሆናልና።